በአሥራ አንድ የሚቆጠር ዜማ

ብሬብሩክ፣ ሜልበርን
ጥቅምት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መኮንን፣

የጌታ ሰላም ከነቤትዎ ይብዛልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ፣ አዲሱና ልጆቹ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ባለፈው ስደውልልዎ «ማን ልበል?» እያሉ ሦስት ጊዜ ሲዘጉብኝ ጆሮዎ ስልክ እንቢ እንዳለ ገባኝ። ስለዚህ ወደ ድሮው መንገድ ተመልሼ በወረቀት መጥቻለሁ። ይህን የምታደርስልዎ ማንተግቦሽ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ናት፤ እህቷን ልትድር ነው የሄደችው። ሹራቡና ቫይታሚኑ የእርስዎ ነው።

አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን ለእሱ እጽፍ ነበር። ለእርስዎ የምጽፈው የአባቴ የአክስት ልጅ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በሠርጌ ቀን በአባቴ ቦታ ቆመው የመረቁኝ እርስዎ ነዎት። አዳማ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ስንት የተጣላ ቤት እንዳስታረቁም አውቃለሁ።

ጉዳዩ ሂዊ ናት። በአራት ዓመቷ ይዘናት የመጣናት ልጅ ዛሬ ሃያ ሞላት። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ታጠናለች፤ በትምህርቷ አላሳፈረችንም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በአምልኮ ጊዜ ድራም የምትመታው እሷ ነበረች። ሰዉ ሁሉ ይወድላት ነበር። ዘንድሮ ግን ከአራት ፈረንጅ ልጆች ጋር ባንድ ገባች። ሙዚቃው «ፕሮግረሲቭ ሜታል» ይባላል። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ አንዱ ልጅ ሲዘፍን ያመመው ሰው ነው የሚመስለው። አንድ ዘፈናቸው ብቻውን አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። ጥቁር ቲሸርት አሠርተዋል፣ ላዩ ላይ ሥሩ ወደ ሰማይ የዞረ ዛፍ አለበት። ቤተ ክርስቲያናችን ያሉት እትዬ በቀለች ቲሸርቱን አይተው «ይኼ የጤና አይደለም፣ መንፈስ አለበት» አሉኝ። ፓስተር ገለታ ግን «ቀስ በይ» ከማለት ሌላ ምንም አላለኝም።

እንግዲህ ሂዊ ከቤት ወጣች። ሦስት ወሯ ነው። አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር፣ ቶላኒ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር በኪራይ ፍላት ውስጥ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ፖስታዋንና የቋጠርኩላትን ምግብ ይዛ ትሄዳለች። ስትገባ «ሃይ» ትለኛለች፣ ስትወጣ «ባይ» ትለኛለች። በመሐሉ ምንም የለም።

እርስዎን ታከብራለች። እባክዎ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ይጻፉላት። አማርኛ ማንበቧ ቀስ ያለ ስለሆነ እኔ አነብላታለሁ። ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ እየሠራሁ የሰው እናትና አባት ስለብስ እውላለሁ፣ የራሴ ልጅ ግን እንግዳ ሆነችብኝ። የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
አምለሰት


አዳማ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምለሰት፣

የምሕረት አምላክ አንቺንም ባልሽንም ልጆችሽንም ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽ በማንተግቦሽ እጅ ደርሶኛል። ሹራቡ በልኬ ነው። ስልክ ስለዘጋሁብሽ አትቀየሚኝ፣ የሴትና የሕፃን ድምፅ ከጆሮዬ ከሸሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወንድ በወፍራሙ ሲናገር ትንሽ ይሻለኛል። የአምልኮ መዝሙሩንም የማውቀው የሰዉን አፍ እያየሁ ነው።

መልሴ ዘገየ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰው ከመምከሬ በፊት የምመክርበትን ነገር ማወቅ ይኖርብኛል። ስለዚህ ልጅቷን ጠይቂልኝ። ሙዚቃቸው ኦርጋን አለው ወይ? ምቱ በአራት እየተቆጠረ ይዘጋል ወይስ ከአራት ያልፋል? አሥራ ሰባት ደቂቃ የሆነው አንዱን ነገር እየደጋገሙ ነው ወይስ እንደ መጽሐፍ ምዕራፍ ምዕራፍ አለው? ይህ ሙዚቃ መጀመሪያ ከየት መጣ ትላለች? ያ ረጅሙስ ስለ ምንድን ነው?

መልሱን እሷ እንዳለችው አድርገሽ ጻፊልኝ፣ አታሳጥሪው። ስትጠይቂያት ደግሞ ቆመሽ አይሁን። ተቀመጪ።

ለፋሲካ የምትልኪልኝን ገንዘብ ዘንድሮ ተዪው፣ የጡረታዬ ይበቃኛል። የምፈልገው ነገር ሲኖር እነግርሻለሁ።

አባትሽ መኮንን


ብሬብሩክ፣ ሜልበርን
ጥር 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ መኮንን፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ዛሬ ሰኞ እዚህ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሺፍት የለኝም፤ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ቻልኩ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ደብዳቤዎን አንብቤ ከፋኝ። ምክር ለምኜ የጥያቄ ወረቀት መጣልኝ አልኩ። አዲሱም አይቶት ሳቀ። «እንግዲህ ሽማግሌው ካዘዙ መጠየቅ ነው» አለኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሰነበትኩ።

በቀደም ሙቀቱ ለአራት ቀን ከአርባ በላይ ወጣ። የእነ ሂዊ ፍላት ማቀዝቀዣ የለውም። ቤት ያለንን ቬንትሌተር መኪናው ላይ ጫንኩና ሄድኩ። ወንበር ስላልነበራቸው ሦስታችንም ሲሚንቶው ላይ፣ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀመጥን። እንዳሉኝ ተቀመጥኩ ማለት ነው። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ወረቀቱን አወጣሁና አነበብኩላት።

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። «ሽማግሌው ስለ ኦርጋን ጠየቁ?» አለች። ከዚያ በኋላ ግን አላቆመችም። ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፣ እኔ የገባኝን እጽፋለሁ።

የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው፣ በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጨረሻ። ያኔ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ነበር፣ ለሬዲዮ እንዲመች። አንዳንድ ልጆች ይህ ጠበበብን አሉ። ከእነሱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋንና የጥንቱን የኦርኬስትራ ሙዚቃ የተማሩ ነበሩበት። የሸክላውን አንድ ገጽታ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዘፈን ብቻ ይሞሉት ጀመር። አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አንድ ታሪክ ያስደምጡታል። ሜሎትሮን የሚባል መሣሪያም ነበራቸው፤ ቁልፉን ሲጫኑት በውስጡ ያለው ካሴት ይዞርና የቫዮሊን ድምፅ ይወጣል። ኦርጋን አለው ወይ ላሉት፣ የድሮው አለው። የእነሱ ግን በኮምፒውተር ነው።

ሜታሉ ደግሞ ሌላ መነሻ አለው። እሱም እንግሊዝ ነው፣ ግን ከፋብሪካ ከተማ። አንድ የብረት ፋብሪካ ወጣት ሠራተኛ ጊታር ይመታ ነበር። ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። እሱ ግን ላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራና መጫወቱን ቀጠለ። ክሮቹን እንዳያሙት ሲያላላቸው ድምፁ ወፈረ። ያን ወፍራም ድምፅ ነው ዓለም የወሰደው። ጋሼ፣ እዚህ እንደመጣሁ ዶሮ ፋብሪካ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጣቷን ያጣች አውቃለሁ። ይህን ስትነግረኝ የራሴን ጣቶች አየሁ። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ የሆኑት ኋላ፣ በሰማንያዎቹ ነው አለችኝ።

ምቱ በአራት አይዘጋም። ጉልበቷን እየመታች አሳየችኝ፦ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ሰባት ነው። ቶላኒም አብራት መታች። እኔ ስሞክር ሁልጊዜ ስምንተኛው ላይ እወድቃለሁ።

ስለ ምንድን ነው ላሉት፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። «ስለ አውቶቡስ» አለችኝ። መኪና ሳይኖረን በፊት ጠዋት ጠዋት ለልጆች መዋያ ላደርሳት ብሬብሩክ ፌርማታው ላይ እንቆም ነበር። አንድ ክረምት ሁልጊዜ አሥራ ሰባት ደቂቃ ይዘገያል። እኔ ከኮቴ ውስጥ አስገብቼ «እስኪመጣ ቁጠሪ» እላት ነበር። እሷ አልረሳችውም። ዘፈኑ ያ ነው። እኔ ደግሞ እትዬ በቀለች መንፈስ አለበት ሲሉኝ በአዎንታ ራሴን ነቅንቄ ነበር።

ጋሼ፣ እንግዲህ ጥያቄዎን መልሻለሁ። አሁን ምን እንደምጠይቅዎ ራሴም አላወቅሁም። ብቻ ይጻፉልን።

አክባሪዎ
አምለሰት


አዳማ
ግንቦት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምለሰት፣

ቸሩ አባት ክረምታችሁን ያሙቅላችሁ፣ እናንተ ዘንድ ብርዱ አሁን ነው መሰለኝ። አራት ወር ሙሉ ዝም አልኩሽ። አሞኝ አይደለም። የምጽፈው ነገር ከበደኝ። ዛሬ አምልኮው አልቆ ሰዉ ሲበተን እዚሁ የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ቀረሁና በሩን ዘግቼ ያዝኩት።

ልጅሽ የነገረችሽን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከሬዲዮ አልሰማሁትም፣ ከመጽሐፍም አላነበብኩትም። በ1962 ዓ.ም. ወንድሜ አስመራ ወታደር ስለነበር እሱን ተከትዬ ሄድኩና ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ የጦር ጣቢያ፣ ሥራ አገኘሁ። የወታደሮቹ ክበብ የሸክላ ክፍል ነበረው። የኔ ሥራ ሸክላ መዝግቦ ማበደርና መቀበል፣ አቧራውን መጥረግ ነበር። ከለንደንም ከአሜሪካም አዲስ የወጣ አልበም በወሩ አስመራ ይገባ ነበር። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ያነሳሁትን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አኖርኩት። ገጽታው ሙሉ አንድ ዘፈን ነው። ኦርጋኑ ሲገባ መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ። አልበሙ ሲያልቅም እንደቆምኩ ነበርኩ፣ መጥረጊያውም እጄ ላይ ነበር። ሰው በሃያ ዓመቱ እንደዚያ አንድ ጊዜ ይመታል።

አራት ሆነን ባንድ መሠረትን። ሓለፎም ጊታር፣ ዕቁባይ ድራም፣ አንድ መምህር ቤዝ፣ እኔ ኦርጋን። ኦርጋኑን ከአንድ የጣሊያን ትምህርት ቤት አዳራሽ እየለመንን ነበር የምንጫወተው። የራሳችንን ዘፈን አወጣን፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ በአሥራ አንድ የሚቆጠር። አንድ እሑድ ከሰዓት በዚያው አዳራሽ ለሰው አቀረብነው። ሰዉ የሚጨፈር መስሎት ነበር የመጣው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ መውጣት ጀመረ። ስንጨርስ የቀሩት ዘበኛውና የዕቁባይ እናት ናቸው። እናቱ አጨበጨቡ። አራታችን እስኪመሽ ስንስቅ ነበር፤ ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ያለኝን ቀን ብዙ አላስታውስም።

በ1967 ዓ.ም. አስመራ ላይ ተኩሱ ሲበረታ ተበታተንን። ሓለፎም የት እንደደረሰ አላወቅሁም። እኔ ዘጠኝ ሸክላ በሻንጣ ይዤ እዚህ ገባሁ። በዓመቱ ጌታን አገኘሁ። በዚህ አልጸጸትም፣ ታስሬበታለሁ፣ ዛሬም የቆምኩት በእሱ ነው። ያኔ ግን ወንድሞች «የዓለምን ነገር አምጡ» ሲሉ ዘጠኙንም ሸክላ ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ሰባበርኳቸው። ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም ለሌሎቹ ምሳሌ ልሁን ብዬ መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን አልጽፍልሽም ነበር። ልጄን ቶሌራን ታስታውሺዋለሽ። ጊታር ጀመረ፣ ሆቴል ሆቴል መጫወት አመጣ። እኔ አዲስ ሽማግሌ ሆኜ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ፊት ለፊት መናገሩን ፈርቼ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አንቺ ይጻፉላት ያልሽኝን ዓይነት ጠንከር ያለ ደብዳቤ ነው። «ይህን እስካልተውክ አባቴ አትበለኝ» የሚል ቃል አለበት። እሱም እንዳልኩት አደረገ። ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እናቱ ስትሞት ደውሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ጤነኛ ነበር፣ የምለው አጣሁ እንጂ።

አምለሰት፣ ያን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሁለተኛ አልጽፈውም።

ይህን ለልጅቷ ብታነቢላት ፈቃዴ ነው። የሚጮኸው ልጅ እኔንም የሚያስደስተኝ አይመስለኝም። ግን ባለፈው የምፈልገው ሲኖር እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር። ሙዚቃቸውን መስማት እፈልጋለሁ፤ በቀረልኝ ጆሮ። ጆሮ ላይ የሚደፋ ትልቅ ማዳመጫ ከተገኘ።

አባትሽ መኮንን


ብሬብሩክ፣ ሜልበርን
ሰኔ 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ መኮንን፣

ሰላምና ዕረፍት ከጌታ ይሁንልዎ። ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ይኸው መለስኩ።

እርስዎ እውነቱን ስለጻፉልኝ እኔም አንድ ነገር ላርም። መጀመሪያ ስጽፍልዎ «ሂዊ ከቤት ወጣች» ብዬ ነበር። ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያየኝ የሚንሾካሾክ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማለዳ ከሥራ ስገባ እሷንና የባንዱን ልጆች በራችን ላይ ዕቃዎቻቸውን ሲጭኑ አገኘኋቸው። በልጆቹ ፊት «ወይ ይኼን፣ ወይ ይኼን ቤት» አልኳት። ትተወዋለች ብዬ ነበር። አዲሱ ሊያናግረኝ ሲሞክር እሱንም ዝም አሰኘሁት። ስንት ወር ሙሉ «ወጣች» እያልኩ ለሰው ስናገር እኔም አምኜው ነበር።

ትናንት አስኮት ቬል ሄጄ ደብዳቤዎን አነበብኩላት። ስለ አዳራሹ ስደርስ ሳቀች፤ የዕቁባይ እናት ሲያጨበጭቡ «እኛ ጋም እንደዚያ ነው» አለች። ሸክላው ሲሰበር ፊቷን አዞረች። ስለ ቶሌራ ስደርስ ግን ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ቀጠለች። ፊደል እየቆጠረች፣ ቀስ እያለች፣ «ሁለተኛ አልጽፈውም» እስከሚለው አነበበችው።

ያን ጊዜ ይቅርታ አልኳት። በአማርኛ አልኳት፣ ደግሞ እንዳይጠፋት በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «ገብቶኛል፣ እማዬ» አለች። ቶላኒ ሩዝ ሠራችልንና በላን።

ወደ ቤት ተመለሺ አላልኳትም፣ እሷም አላነሳችውም። ለፓስተር ገለታ ግን ሁሉንም ነገርኩት። እሱም «ቀስ በይ ያልኩሽ ለዚህ ነበር» አለኝ።

ማዳመጫውን የመረጠችው ሂዊ ናት። ዛሬ ሦስት ሱቅ አዞረችኝ። ለወፍራም ድምፅ የሚሻለው ይኼ ነው ብላ ለሻጩ እስኪሰለቸው አስረዳችው። የባንዱ ሙዚቃ በትንሹ ማጫወቻ ላይ ተጭኗል። አንዱን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብታዋለች። ነገ በፖስታ እንልከዋለን። እሷ የምትጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ ያ በአሥራ አንድ የሚቆጠረው እንዴት ነበር የሚሄደው?

አክባሪዎ
አምለሰት


አዳማ
ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለአምለሰትና ለሂዊ፣

ከአዲሱ ዓመት ጋር በጤና የሚያገናኘን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ዕቃው ደርሷል። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ከፍታ ስታየው ለእኔ ምን እንደሚያደርግልኝ ጠየቀችኝ። ሜታል ልሰማበት ነው ብላት የምታምነኝ ስላልመሰለኝ ለጆሮ ሕክምና ነው አልኳት። ውሸትም አልመሰለኝም።

ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብዬ አረንጓዴውን ተጫንኩ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ለእኔ እንደሌለ ነው። ከዚያ ድራሙ ገባ። አምለሰት፣ የአንቺን ድምፅ በስልክ ያልተቀበለ ጆሮዬ የልጅሽን እግርና እጅ ሰማ። ትልቁን ከበሮ በእግሯ ስትመታው ደረቴ ላይ ነው የማገኘው። ቤዙንም ሰማሁት። ጊታሩ ሲወፍር ሰማሁት። የሚጮኸውን ልጅም፣ ይገርምሻል፣ በደንብ ሰማሁት፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ሲያወራኝ ኖሮ እሱ ብቻ ነው ጮክ ብሎ የነገረኝ። አሥራ ሰባቱን ደቂቃ ስጨርስ እንደገና ጀመርኩት። ሦስተኛውን ጊዜ ስሰማ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በሩን ከፍቶ አየኝ። ለካ እግሬን መሬቱ ላይ እየመታሁ ኖሯል።

ሂዊ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኦርጋን ተጫዋች ሆኜ ነው። ስድስተኛው ደቂቃ አካባቢ አውቶቡሱ ገና አልመጣም፤ አንቺ ግን በሁለቱም እጅሽ ትሞይዋለሽ። ሰው ሲጠብቅ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። እዚያ ላይ ተይው፣ ቤዙ ብቻውን ይቁም።

የጠየቅሽኝ እንዲህ ነው፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት። አንዱ ላይ ሁልጊዜ ጠበቅ ይደረጋል። ዕቁባይ የመጨረሻዋን ሁለት በጣም አያጠብቃትም ነበር፣ እንደሚያዳልጥ ሰው አድርጎ ያልፋታል። ኦርጋኑ ከላይ በአራት ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። ሲገናኙ ደስ ይላል። ውሰጂው፣ የምጠብቅለት ባለቤት የለውም።

ለቶሌራ ጻፍኩለት። አድራሻውን ከእህቱ ነው ያገኘሁት። አጭር ነው። ያንን የመጀመሪያውን ቃል መልሼ ወስጄዋለሁ አልኩት፣ ጊታሩ ካለ እንዳይተወው ነገርኩት። መልሱ መጣ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ገና አልመጣም፤ ቢመልስም ባይመልስም ቀለል ብሎኛል።

አባታችሁ መኮንን


ብሬብሩክ፣ ሜልበርን
ኅዳር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ መኮንን፣

ደስታችንን የሰጠን ጌታ ለእርስዎም ያካፍልዎ። አልበማቸው ወጣ። ከዚህ ወረቀት ጋር ያለው ሲዲ ያ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር ማስመረቂያው፣ ፉትስክሬይ አንድ አዳራሽ ውስጥ። በቀን ያደረጉት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም እንዲገቡ ነው ተባለ፤ እኔ ግን ለእኛ ብላ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። አዲሱ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለበሰ። ማንተግቦሽ ከፖይንት ኩክ መጣች። እትዬ በቀለችን አልጠራኋቸውም ነበር፣ ሰምተው ራሳቸው መጡ። ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ክንዱ ሙሉ የተነቀሰ ጺማም ልጅ ነው ወንበር ያመጣላቸው። «ማን ያሳደገው ነው፣ ጨዋ ነው» አሉኝ።

ሲጀምሩ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እኔ ስለ ሙዚቃው ብዙ ልነግርዎ አልችልም። ልጄን ግን አየኋት። ቤተ ክርስቲያን ስትመታ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ ነበር። እዚያ ቀና ብላ ነው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ እጇን አነሳች። አዳራሹ ሙሉ ጸጥ አለ፣ ቤዙ ብቻውን ቆመ። እኔ ያን ፌርማታ ላይ ነበርኩ፤ የኮቴን ቁልፍ ሳይቀር አስታወስኩ። አዲሱ እጄን ያዘኝ።

የመጨረሻው አዲስ ነው፣ የእርስዎ። ማይክ ይዛ ተነሳችና በእንግሊዝኛ ተናገረች፦ ይህ ምት በ1960ዎቹ አስመራ ውስጥ አራት ሰዎች የሠሩት ነው፣ ያኔ ያዳመጡት ሁለት ናቸው፣ ዛሬ እናንተ ተጨመራችሁ አለች። ያ የኛ ዓመተ ምሕረት መሆኑን አላስረዳቻቸውም፣ ፈረንጆቹ እንደየራሳቸው ቆጥረውት ይሆናል። ሲዲው ጀርባ ላይ የአራታችሁም ስም ተጽፏል። የመምህሩን ስም ስላልነገሩን «መምህሩ» ብለውታል። ከአዳራሹ ማንም አልወጣም።

ሲያልቅ ዕቃ በመጫን አገዝናቸው። የሲምባሉን፣ የነሐስ ሰሃኖቹን፣ ቦርሳ እኔ ተሸከምኩት፣ ያን ያህል መክበዱን አላውቅም ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ ሂዊ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ።

«ረጅም ነው» አልኳት።

«ሰለቸሽ?»

«ረጅም ነው አልኩ እንጂ ሰለቸኝ አላልኩም።»

አቀፈችኝ፤ ላቧ ፊቴን አረጠበው። ቤት መጥታ በላች፣ በዚያውም አደረች። እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ስንወጣ አልቀሰቀስኳትም። አሁንም የምትኖረው ከቶላኒ ጋር ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቁልፏን ይዛ ትመጣለች፣ ወሬያችንም አያልቅም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ትምህርቷን ለእረፍት ዘግታለች፣ ትኬቱንም ራሷ ቡክ አድርጋለች። ታኅሣሥ 20 አዲስ አበባ ትገባለች፣ በማግስቱ አዳማ እርስዎ ጋ ናት። ቀጭን ድምፅ እንዳላት፣ እንደማይሰሟት ነግሬያታለሁ። አማርኛዋም ከባድ ወሬ እንደማይችል ነግሬያታለሁ። ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ልትባባሉ ነው ስላት፣ በጣቶቿ ጉልበቷን እየመታች፣ ቤታቸው የእንጨት ጠረጴዛ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።

«እንግዲያው ይበቃናል» አለችኝ።

ልጅዎ
አምለሰት